ጊዩር ያልተፈቀደለት ጋቢና

መርማሪው ሺምዖን አሮጌውን የጭነት መኪና ዞረው፤ በሩን ከፈተ፣ አጎንብሶ ከወንበሩ ሥር ያለችውን የብረት ሰሌዳ በጥፍሩ ፋቀና ፊቱ ጠቆረ። ለኦርሊ በዕብራይስጥ ነገራት። ኦርሊ ለአባቷ ስትተረጉም፣ ሐኪም ቤት እንደለመደችው፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“አባ፣ መኪናው ቮልቮ ነው፤ ጋቢናው ግን ማጊሩስ ነው ይላል።”

ይህን ለማወቅ ይርሳው የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር መርማሪ አላስፈለጋቸውም። ልጃቸው ሊዮር ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ የአሽዶድ ወደብ ውስጥ አንድ ፎርክሊፍት የቮልቮውን ጋቢና እንደ ጣሳ ጨፈለቀው። ይህኛውን ከጥራጊ ብረት መሀል መርጠው ያመጡት፣ የገጠሙትም ራሳቸው ናቸው። አንድ ብሎን እንኳ እምቢ አላለም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ከሃምሳ ዓመት በፊት ቮልቮ፣ ዳፍ፣ ማጊሩስና ሳቪየም የሚባሉ አራት የጭነት መኪና አምራቾች፣ በየፊናችን ከምንደክም ብለው አንድ ጋቢና ለአራት አስነደፉ። በሩ አንድ፣ መስኮቱ አንድ፣ ጣሪያው አንድ። እያንዳንዱ የፊቱን ፍርግርግ ለወጠ፣ ስሙን ለጠፈ፣ ከዚያ የእኔ ይበልጣል እያለ ሸጠ። ሃይማኖትም እንዲሁ ነው የተጀመረው የሚል ሰው ካለ፣ ከእኔ አልሰማም።

መኪናው የቆመው ወደቡ አጠገብ ባለ ግቢ ነው። የግቢው ባለቤት፣ ፈቃድ የሌለው መኪና ሁሉ ከሚመጣው በዓል በፊት ይነሳ፣ ያልተነሳ ለጥራጊ ይሸጣል ብሏል። ይርሳው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጭነት አልጫኑበትም። የሚያድነው “አስፋኑት” የሚሉት ፈቃድ ብቻ ነው፤ ይህ መኪና ቅርስ ነው የሚል ምስክር። ቅርስ ደግሞ ወጥ መሆን አለበት አሉ።

ይርሳው ግን ቅርስ ፈልገው አይደለም። ሊዮር ያደገው እዚህ ጋቢና ውስጥ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ እዚህ፣ ከትምህርት ሲኮበልልም እዚህ። ቁመቱ እየተመዘዘ ሄዶ ጣሪያውን ነካ፤ የፀጉሩ ቅባት ከተሳፋሪው ወንበር በላይ ያለውን ጨርቅ አወዛውና ጥቁር ክብ ተወበት። ከሦስት ዓመት በፊት በሞተር ሳይክል ምግብ ሲያደርስ፣ ሮቫ ዩድ ዛይን የሚባለው ሰፈር አጠገብ መኪና ገጭቶት ሞተ። ልብሱ ለሰው ተሰጠ፣ ስልኩ ተዘጋ፤ ክቧ ቀረች። ይርሳው በየቀኑ ከሚኖሩበት ከሮቫ ዩድ በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ሹፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ወደ ጎን ቀና ብለው ያያሉ፣ ይመለሳሉ። እናቱ አገሬ ግን አንድም ቀን መጥተው አያውቁም። ክቧን ያየሁ ቀን እሞታለሁ ነው የሚሉት።

“ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚለው?” አሉ ይርሳው።

አንድ የማኅበሩ አባል ጓሮው ውስጥ ባዶ የቮልቮ ጋቢና አለው፣ በነፃ ይሰጣል አለ ሺምዖን። ይለወጥ፤ በዚያው ቀን ይፈርማል። ይሄኛው ወደ ጥራጊ ይሄዳል፤ ብቻውን የቀረ ጋቢና መኪና አይደለም፣ ቆሻሻ ነው፣ ግቢው ውስጥ አይቀመጥም። ይርሳው ልዩነቱን ያሳየኝ አሉ። ሺምዖን ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁን ዘረጋና ልዩነት እንደሌለው አመነ። ልዩነቱ የተጻፈው ነው አለ።

ይርሳው ወደ ባሕሩ ዞሩ።

“እኔም እዚህ አገር ስመጣ እንዲሁ ተብያለሁ። ፊትህ የኛ ነው፣ ሰሌዳህ አይደለም አሉኝ። አስተማሩኝ፣ ጠየቁኝ፣ ሚክቬ አግብተው ውሃ ውስጥ ነከሩኝ፣ አሁን አይሁድ ሆንክ፣ ጊዩር ጨረስህ ተባልኩ። የወጣሁትም ያው ይርሳው ሆኜ ነው። ለዚህስ ጊዩር የለውም ወይ በይው። ባሕሩ እዚያ ነው፤ እንንከረው።”

ኦርሊ ተረጎመች። ሺምዖን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ብቻውን እየሳቀ መሆኑን ሲያይ ዓይኑን ጠረገና፣ ጋቢናም እንደ አይሁድ ከእናቱ መወለድ አለበት አለ።

መላውን ያመጣችው ኦርሊ ናት። ጣሪያው አንድ ከሆነ የጣሪያው ጨርቅም አንድ ነው፤ ክቧን ከነጨርቁ አውልቀን ቮልቮው ላይ እንለጥፋት። ሺምዖንም ጨርቅ ላይ ስም አይጻፍም ብሎ ተስማማ። ይርሳው የኦርሊን ግንባር ሳሙ።

ጋቢናው የሚለወጥበት ቀን ክሬኑ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ ፍርግርጋቸው ወልቆ መንታ መሰሉ። ይርሳው ስስ ቢላ ይዘው ማጊሩሱ ውስጥ ገቡና ከዳር ጀመሩ። ጨርቁ የተለጠፈው ስፖንጅ ላይ ነው፤ ስፖንጁ ከጋቢናው ጋር አርጅቷል። የመጀመሪያዋን ጥግ ሳብ ሲያደርጓት ከጀርባዋ ቢጫ ዱቄት ፈሰሰ። ኦርሊ፣ “ቀስ!” አለች። ይርሳው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ጨርቁ ግን አልቆመም። በራሱ ክብደት ከዳር እስከ ዳር ተላቆ ጭንቅላታቸው ላይ ወረደ። እንዳይወድቅ በመዳፋቸው ሊደግፉት ሞከሩ፤ የደገፉት ሁሉ ተፈረፈረ። ክቧ የቱ ጋ እንደነበረች መለየት አልተቻለም። ጫማቸው ላይ የቀረውን የባሕሩ ነፋስ ወሰደው።

ማጊሩሱ ወደ ጥራጊ ሄደ፣ የቮልቮው ጋቢና ተገጠመ፤ ሺምዖን ፈረመ። ቮልቮውን ከፊት ከኋላ አየና “ልክ እንደ ድሮው” አለ፤ ደግሞም ልክ እንደ ድሮው ነበር።

ኦርሊ ለእናቷ መኪናው ተርፏል ብቻ አለቻቸው። ሌላ ምን ትበል? አገሬ ግን ይህን ሲሰሙ ልባቸው ተለወጠ። እግዜር ካተረፈውማ እኔም ልየው ብለው አንድ ማለዳ ነጠላቸውን ለበሱ። ይርሳው አውቶቡስ ውስጥ ቃል ሲፈልጉ ሄዱ፤ ግቢው በር ሲደርሱም ገና እየፈለጉ ነበር። የአገሬን ክንድ ይዘው ተሳፋሪው ወንበር ላይ አወጧቸው።

የአገሬን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ቀና አሉና፣ “የቱ ጋ ነው?” አሉ።

ይርሳው ክብ የሌለበትን የቮልቮውን የጣሪያ ጨርቅ አዩ። የሚስታቸውን እጅ አነሱና መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ አሳረፉት።

“እዚህ።”

አገሬ መዳፋቸውን እዚያው አቆዩ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቆይተው አወረዱትና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። የማያውቁት ሰው ሲጋራ ሸተታቸው።

“ይሄ የማን ነው?”

ይርሳው መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

“የቮልቮ ነው” አሉ።