ደረት ላይ የተደገፈ ዱላ

የክልሉ ባለሥልጣን አቶ ሙሉሃብት የረጅሙን የጎልፍ ዱላ ጫፍ ደረታቸው ላይ ተክለው፣ በሌላው እጃቸው ወዝወዝ አድርገው ኳሷን ገፏት። ኳሷ እንደ ምንጣፍ በተከረከመው ሣር ላይ ተንከባላ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትንሽ አመነታችና ገባች። በሎጁ በረንዳ ላይ የተቀመጡት እንግዶች ሁሉ አጨበጨቡ። እየሩስ ብቻ የጉድጓዱን ባንዲራ እንደያዘች ሳታጨበጭብ ቆመች። የዕለቱ ዳኛ እሷ ነበረች።

"ይኼ ምት ቅጣት አለው" አለች።

ጭብጨባው ቀዘቀዘ። የሎጁ ባለቤት ከፋለ፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደተለጠፈ ወደ እሷ ዞረ።

"ምን አልሽ?"

"ጋሼ፣ ዱላውን ገላ ላይ አስደግፎ መምታት ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ወዲህ ተከልክሏል። ዱላው ቢረዝም ችግር የለውም፤ ደረት ላይ መትከል ግን አይቻልም። ሁለት ምት ይጨመርባቸዋል።"

አቶ ሙሉሃብት ከት ብለው ሳቁ። ምሳ ላይ የበሉት የጥሬ ሥጋ ስብ ገና ከጣታቸው አልለቀቀም፤ የዱላው መያዣ በእሱ ይብለጨለጫል። "ከፋለ፣ ዳኛህ ቆፍጣና ናት! እኛን ልትቀጣ?"

"እየቀለደች ነው፣ ክቡርነትዎ። አዲስ አበባ የፈረንጅ ቦርሳ ስትሸከም የለቃቀመችው ነው" አለ ከፋለ። ወደ እየሩስ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሰውየውን ፊርማ እንፈልገዋለን፤ አፍሽን ያዢ።"

ቦርሳ መሸከሙስ እውነት ነው። እየሩስ አዲስ አበባ ጎልፍ ሜዳ ላይ ለዓመታት የተጫዋቾችን ቦርሳ ተሸክማ፣ ነጥባቸውን ይዛ፣ ጨዋታውንም ሕጉንም እዚያው ለምዳለች። ከፋለ ከገነተ ማርያም መንገድ ዳር ሎጁን ሠርቶ "የአገሬን ልጅ እፈልጋለሁ" ሲላት፣ አባቷ ከሚያርሱበት ማሳ አጠገብ ሥራ ማግኘቷን እንደ ሎተሪ ቆጥራ ነበር የመጣችው። ሣሩን ያስዘራችው እሷ ናት። የምታስከረክመውም እሷ ናት። ጉድጓዱንም በገዛ እጇ ቆፍራዋለች። አምና ይኼን ሁሉ ስትሠራ ደስ ይላት ነበር።

ዘንድሮ ግን ሰማዩ ጨከነ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፣ ፈጥኖም ወጣ። የላስታ ገብስ ዛላ ሳይዝ በቁሙ ደረቀ፤ የእርዳታ ስንዴ መጣ ሲባል ሰዉ ስልቻውን ይዞ ኩልመስክ ድረስ ወረደ። በዚህ ሁሉ መሐል የከፋለ ሣር በቦቴ ውኃ እየጠጣ እንደ ቀለም አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። እየሩስን ጠዋት ጠዋት ሣሩን ማየት ካስጠላት ሰንብቷል።

የመጨረሻው ተራ የኢንጂነር ሸዕባን ነበር። ሸዕባን የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ አዲስ አበባ ሳለች ብዙ ጊዜ ቦርሳውን ተሸክማለታለች። ግራ እጁን ከቀኝ እጁ በታች አድርጎ፣ አንጓውን ሳያጥፍ፣ ትከሻውን ብቻ እያወዛወዘ ሲገፋ ማየት ያስደስታት ነበር። ከዚህ ርቀት ዓይኑን ጨፍኖ የማይስታት ኳስ ናት። ይቺ ከገባችለት፣ ቅጣቱ ባይቆጠር እንኳ አሸናፊው እሱ ነው።

ሸዕባን አጎንበሰ። ጉድጓዱን አየ፤ ቀና ብሎም አቶ ሙሉሃብትን አየ። ከዚያ ዱላውን ሆን ብሎ አጣሞ ኳሷን ወደ ጎን ላካት።

"አይ! ዛሬስ እጄ ከዳኝ" አለና ራሱን ያዘ።

በረንዳው በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። አቶ ሙሉሃብት ዱላውን እንደ ጦር ወደ ሰማይ ነቀነቁት። ሸዕባን ኳሱን ለማንሳት በእየሩስ አጠገብ ሲያልፍ፣

"ሆን ብለህ ነው የሳትካት" አለችው በሹክሹክታ።

"ታዲያ ምን ላድርግ? ወደ ኮን ከተማ የሚሠራው መንገድ ውል እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።"

"ሲያጭበረብሩ አይተሃል አይደል?"

"ወላሂ አይቻለሁ። ሁሉም አይቷል" አለ፣ ዓይኗን ሽሽት ኳሱን በመሐረቡ እየወለወለ። "አንቺም እንዳላየ ሁኚ፣ እየሩስ። ጨዋታ እኮ ነው።"

ከሰውየው ይልቅ እሱ አንገሸገሻት። አቶ ሙሉሃብት ሕጉን አያውቁትም፤ ሸዕባን ግን ያውቀዋል።

ከፋለ ዋንጫውን ለአቶ ሙሉሃብት ካስረከበ በኋላ እንግዶቹን ከሣሩ ጫፍ ወስዶ አቆማቸው። ከእግራቸው ሥር የገበሬዎቹ ማሳ እርከን እርከኑን ይዞ እስከ ገደሉ አፋፍ ይወርዳል። በዱላው እየጠቆመ ማስረዳት ጀመረ።

"ዛሬ ያለን አንድ ጉድጓድ ነው፣ ክቡርነትዎ። ፈቃድዎ ከሆነ ዘጠኝ እናደርገዋለን። ከዚያ ከድንጋይ ካቡ ጀምሮ እስከ ገደሉ ድረስ። ቅዱስ ላሊበላን ሊሳለም የመጣ ቱሪስት እዚህ ጎልፍ ተጫውቶ ይመለሳል።"

"የቆየ ማሳ ነው መሰለኝ?" አሉ አቶ ሙሉሃብት፣ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ።

"ቢቆይስ? ስኮትላንድ ያለው፣ ከሁሉ ያረጀው የጎልፍ ሜዳ እንኳ ይታረሳል፣ ይሰፋል፣ ይለወጣል። የአሜሪካኖቹም እንደዚያው። በዓለም የታወቀ ሜዳ ሁሉ ሲቀየር ነው የሚኖረው። ይኼ የገብስ መሬት ምን ስለሆነ ነው የማይነካው?"

"ልክ ነው፤ ልማት ነው" አሉ አቶ ሙሉሃብት፣ ስንጥሩንም ሣሩ ላይ ጣሉት። "እንቢ የሚል ካለ ፀረ ልማት ነው። የወረቀቱን ነገር ለእኔ ተወው።"

ከድንጋይ ካቡ ቀጥሎ ያለው የእየሩስ አባት የአያ አዳም ማሳ ነው። እየሩስ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

"ጋሼ፣ እዚያ እኮ ሰው አለ! የአባቴ ማሳ ነው።"

ከፋለ ክንዷን ይዞ ወደ ዳር ወሰዳት። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያውም እንደ ታላቅ ወንድም አባበላት።

"እሱንማ አውቃለሁ፤ ለዚህ እኮ ነው የምፈልግሽ። ነገ ጠዋት ገበሬዎቹን ሰብስበን እናወያያለን። እኔን አያምኑኝም፣ አንቺን ግን ያምኑሻል። ለጊዜው ነው በያቸው። ዝናቡ እስኪመለስ ነው፣ ከዚያ መሬታችሁ ይመለስላችኋል በያቸው።"

"ይመለስላቸዋል?"

"እየሩስ፣ አትጃጃይ። ሜዳው ሲከፈት ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። ወንድሞችሽን ታስተምሪበታለሽ፤ አባትሽንም ከዚህ ድንጋይ ታወጫቸዋለሽ። ምን አጠፋሁ?"

ይኼኔ አቶ ሙሉሃብት ወደ እሷ መጡ። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙትና ቶሎ አልለቀቁትም። ስቡ መዳፏ ላይ ቀረ።

"ቅጣቱን ማርሽን አይደል?" አሉ እየሳቁ። "ሴት ልጅ ሲያምርባት እንዲህ ነው።"

ከፋለም ሳቀ፣ ሸዕባንም ሳቀ። እየሩስ ለአሸናፊው ክብር የተዘረጋውን ድግስ ትታ ከበረንዳው ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሄደች። እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበች፤ ልቧን ያጠወለጋት ነገር ግን አብሮ አልታጠበም። ነገ አባቷ ፊት ቆማ "ለጊዜው ነው" ስትል ድምፅዋ ምን እንደሚመስል አሰበች። ሸዕባን "እጄ ከዳኝ" ያለበት ድምፅ ነው የሚሆነው።

ሸዕባን ከኋላዋ መጣ። "ከፋለ ይፈልግሻል፤ የነገውን ልትነጋገሩ። ስትጨርሱ በመኪናዬ ላድርስሽ?"

"አልመጣም በለው።"

"ይቆጣል እኮ። ሥራሽን ታጫለሽ።"

"አውቃለሁ" አለችውና ካቡን ተሻግራ በማሳው መሐል ቁልቁል ወረደች። የደረቀው የገብስ አገዳ ከእግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል።

ዕለቱ እሑድ ነበርና የሰፈሩ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ሰንበቴ ተቀምጠዋል። ዓመቱ ዓመት አይደለምና ጠላው ቀጥኗል፤ ዳቦውም ተቆርሶ ለሁሉም ቅምሻ ቅምሻ ደርሷል። አያ አዳም ልጃቸውን ሲያዩ ቦታ ለቀቁላት።

"ምነው በደኅና? እንግዳ አለብን ብለሽ አልነበር?"

"አለብን፣ አባባ።"

"ኋላ ትሄጃለሽ፤ አሁን ቅመሺ።"

የዘረጉላትን ቁራሽ ዳቦ ተቀበለች እንጂ አልበላችውም፤ አልተቀመጠችምም። ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ቀና ብለው አዩአት።

"ነገ ጠዋት ሰዎች ይመጡባችኋል" አለች። "መሬቱን የምንወስደው ለጊዜው ነው ይሏችኋል። ውሸታቸውን ነው። በጆሮዬ የሰማሁትን ሁሉ ልንገራችሁ።"