በባጃጁ ጀርባ የሚሮጠው ጽሑፍ

ወይዘሮ ዛህራ የመብራት ማስታወቂያ ሰሌዳውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደዱትም። ጀማሉ የተባለው የሰርግ ዕቃ አከራይ በልጅ ልጃቸው በሙባሪክ ባጃጅ ጀርባ አስገጥሞት፣ ቀይ ፊደላት ቀኑን ሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጡበታል። መሠረተ ትምህርት የተማሩት ወይዘሮ ዛህራ አንዱን ቃል ሳይጨርሱ ሌላው ይመጣባቸዋል።

«ከኋላህ ያለው ሾፌር መጨረሻውን አነባለሁ ብሎ ይገጭሃል» ይሉታል።

«እማዬ፣ እንዲነበብ አይደል የተሰቀለው?»

ይሁን እንጂ አንሳው ብለውት አያውቁም። በ2008 ክረምት የቡታጅራ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሙባሪክ አዲስ አበባ ለመሄድ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር፤ ያስቀረው ጀማሉ ለማስታወቂያው በየወሩ የሚከፍልበት ውል ነው። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የላቸውም።

ሐሙስ ዕለት ጎረቤታቸው ሐጂ ሸረፋ አረፉ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ጀናዛው በትከሻ ወጣ። መራመድ ያቃታቸውን ሽማግሌዎች በነፃ መጫን የሰፈሩ ባለባጃጆች ወግ ነውና ሙባሪክ ሦስቱን አሳፍሮ ሞተሩን አስነሳ። ሰማዩ ጠቁሯል። በዚያ ድንግዝግዝ መሀል ሰሌዳው ቦግ አለ፦ «ሙሽሮች እንኳን ደስ አላችሁ!»

ከሴቶቹ ጋር በር ላይ የቆመችው የሟች ልጅ ፈቲሀ ለቅሶዋን አቋርጣ አነበበችው።

«አጥፋው እንጂ» አሉ ወይዘሮ ዛህራ፣ ወደ ባጃጁ እየተጣደፉ።

«ማጥፊያ የለውም። ሹፌር እንዳያጠፋው ብሎ ጀማሉ ከሞተሩ ጋር ነው ያገናኘው። ሽቦው ከተነካ ውሉ ፈረሰ።»

ከተሳፈሩት ሽማግሌዎች አንዱ አባ ሙስተፋ አንገታቸውን አወጡ። «እኛን እየዳራችሁን ከሆነ ሙሽሪቱን አሳዩን።»

የሳቀ አልነበረም። ወይዘሮ ዛህራ ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሰሌዳው ላይ ጣሉት። ጨርቁ ስስ ነው፤ ፊደሉ ከሥሩ መሮጡን ቀጠለ። ፈቲሀን ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን ከሰሌዳው ሥር አስገብተው ሽቦውን ያዙ። ለአፍታ ቆሙ።

«እማዬ» አለ ሙባሪክ ቀስ ብሎ።

ጎተቱት። ሰሌዳው ጨለመ።

«ሂድ፤ ጀናዛው እየራቀ ነው» አሉት።

ሙባሪክ ከቀብር ሲመለስ ጫማው ጭቃ ብቻ ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ማሰሪያውን ሲፈታ አጠገቡ ቆሙ።

«ጀማሉ እዚያ ነበር?»

«ነበር። ሽቦው የተነቀለው ለቀብሩ ሲባል መሆኑን አልካደም። ግን ሰሌዳውን ነገ አምጣልኝ አለ፤ ለሌላ ሰው ሊሰጠው ነው።»

«ይቅርታ ልጠይቀው? ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«ተይው እማዬ። እኔም አስቤው ነበር፤ እጄ ነው እምቢ ያለኝ።»

ጫማዎቹን አውልቆ አንዱን በሌላው እየመታ ጭቃውን አራገፈ።

«አዲስ አበባ መቼ ነው የምትሄደው?»

«የሐጂ ሐዘን ሳያልፍማ አልሄድም።»

ወይዘሮ ዛህራ ግድግዳውን ደገፍ አሉ።

«ወፍራሙን ብርድ ልብስ ይዘህ ትሄዳለህ» አሉ። «እዚያ ማታ ማታ ይበርዳል ይላሉ።»