የመጨረሻዋ ነጥብ የማን ነበረች

«በአንድ ሳምንት ሦስት ወርቅ! አንድ ሯጭ፣ ብቻውን፣ በገዛ እግሩ!» ፀጉር አስተካካዩ የሻይ ብርጭቆውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ ሦስት ጣቶቹን ቀሰረ። «እስቲ ይህን የሚያህል ሥራ የሠራ ቡድን ጥሩልኝ!»

ለቅሶ ቤት መሆኑን ጨርሶ ረስቶታል። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ሹክሹክታቸውን አቋርጠው ዞር ብለው አዩት። ከጎኑ ያለው የሒሳብ አስተማሪ ግን እንደሱው ረስቶ ስለነበር፣ «አንድ ሰው ጎበዝ ሆኖ ቢፈጠር ምን ይደንቃል?» አለ። «የሚደንቀውስ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠራቸው ልጆች ኦሎምፒክ ሄደው፣ ዓለም የሚፈራውን ቡድን ሲጥሉ ነው። አንድ ሰው ደፋር ቢሆን ቀላል ነው። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ቀን እኩል ደፋር የሚሆነው በስንት ዘመን አንዴ ነው?»

ልጅቷ ከጥጉ ሆና ታዳምጣለች። አባቷ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከትናንት ጀምሮ እጇን የጨበጣት ሰው ሁሉ ፊት ተደባልቆባታል። አሁን ደግሞ ይኸ ፀጉር አስተካካይ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአባቷ ጋር ሲከራከር የሰማችው የቡድኑን ወገን ይዞ ነበር።

«ጋሼ» አለችው፣ «እርስዎ እኮ የቡድን ደጋፊ ነበሩ።»

ፀጉር አስተካካዩ የቀሰራቸውን ጣቶች አየት አድርጎ ቀስ ብሎ አጠፋቸው።

«ነበርኩ» አለ። «አሁን እሱ የለም። እኔም ዝም ካልኩ የሱ ወገን ባዶውን ሊቀር ነው።»

አባቷ መነጽር ሠሪ ነበር። የፀጉር ቤቱና የመነጽር ቤቱ በአንድ ግድግዳ ይገናኛሉ። እሷም ከትምህርት ቤት ከወጣች ጀምሮ ላለፉት አሥራ ስድስት ዓመታት ከአባቷ ጎን ተቀምጣ የመነጽር መስታወት ትሞርድ ነበር። በየአራት ዓመቱ ኦሎምፒክ ሲመጣ ሬዲዮው ከመደርደሪያው ወርዶ በፍሬሞቹ መሀል ይቀመጣል። ፀጉር አስተካካዩ የሰው ራስ ግማሹን ከርክሞ፣ ማበጠሪያውን እንደያዘ ይመጣል።

«ሰማህ? እነዚያ ሚጢጢዎቹ ልጆች ትልቆቹን አባረሯቸው! አንድ እጅ አያጨበጭብም ስልህ!»

አባቷ ከመስታወቱ ቀና አይልም። «ብቻውን የሮጠ ሰው የማንንም አይወስድም።»

«ደግሞ ማን ምን ወሰደ አልኩህ?»

አባቷ የመሞረጃ ማሽኑን ያስነሣል። እሷ ግትርነት ይመስላት ነበር፤ ሲያረጅ የባሰበት ግትርነት።

በዚያው በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ትከሻ ሰፊ ሽማግሌ ምርኩዙን እየጎተተ ገባ። ደፉን ሳይሻገር፣ «ግንቡ! ወንድሜ ግንቡ!» ብሎ ጮኾ አለቀሰ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ተያየ። አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ ከማድ ቤት ብቅ አለችና ሰውየውን ስታይ ተመልሳ ገባች።

ልጅቷ ተነሥታ ክንዱን ያዘችው። «አባቴ፣ ይቅርታ፣ ቤት ተሳስተው እንዳይሆን።»

«የመነጽር ሠሪው ቤት አይደለም?»

«ነው።»

«እንግዲያው አልተሳሳትኩም። አንቺም ልጁ ነሽ፤ ቁመትሽ ይናገራል።»

ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነበር። ወንበር ሰጡት፣ ሻይ ሰጡት። አባቷና እሱ ከአርባ ዓመት በፊት በአንድ የመረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ሆነው ኦሎምፒክ እንደሄዱ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ይመስል እንደዋዛ ተናገረ። አስተማሪው ብርጭቆውን ከአፉ አራቀ። ልጅቷም፣ «የማን አባት?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በጥያቄዋ አፈረች።

«አልነገረሽም?» አለ ፖስተኛው። ግራ መጋባቱ አሁን ወደሱ ዞረ። «እንዴት አይነግርሽም? የሄድነው እኮ ሌላ ቡድን ስለቀረ ነው፤ ሙሽራው የጠፋበት ሠርግ ላይ በምትኩ እንደተጠራ ሰው። የጫማችን ቀለም እንኳ አንድ አልነበረም። አራት ጨዋታ ተሸነፍን። ሊያዩን የሚመጡት ሊስቁብን ነበር። አምስተኛው ከቀደመው ኦሎምፒክ ባለ ወርቆች ጋር ደረሰን። እኛ እንኳ ሻንጣችንን አዘጋጅተን ነበር የገባነው።»

ምርኩዙን ጉልበቶቹ መሀል አቆመ።

«በዙር ሁለት ለሁለት ሆንን። እንዴት እንደሆንን አትጠይቁኝ፤ አላውቅም። በመጨረሻው ዙር አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት መራን፤ አንዲት ነጥብ ቀረችን። አንድ የነሱ ግዙፍ ሊመታ ተነሣ። እጁ የበር መዝጊያ ያህላል! እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ‹አለቀልን› አልኩ። አባትሽ ዘለለ። ብቻውን፣ እንደ ግንብ። ኳሷ ተመልሳ እዚያው እነሱ እግር ሥር ዷ! አለች። ሬዲዮው ያን ቀን ‹ግንቡ› ከማለት በቀር የማንንም ስም አልጠራም።»

«ይኸው!» አለ አስተማሪው። «ያልኩት አይደለም? ከቁም ነገር ያልተቆጠረ ቡድን!»

«ይኸው!» አለ ፀጉር አስተካካዩም እኩል። «ብቻውን አላለም?»

ልጅቷ ሁለቱንም አየቻቸው። ሁለቱም ያሸነፉ ይመስላሉ። እሷ ግን ትታቸው ወደ ማድ ቤት ገባች።

አክስቷ የታጠቡ ብርጭቆዎችን እንደገና ታጥባለች።

«አክስቴ፣ ሰውየው የሚለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«እኔንም እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው።» አክስቷ ውሃውን ዘጋች። «አሁን እንግዲህ መሐላው ከሱ ጋር ሄዷል። ያቺ ኳስ የሱ አልነበረችም።»

«ምን ማለት ነው?»

«እጄን አልነካችውም ብሎኛል፤ በአፉ። ከጎኑ አንድ አጭር ልጅ ነበር፤ ድንቢጥ ይሉታል። እሱም አብሮ ዘሎ ነበር። ነጥቧ የሱ ናት፤ ጣቱም ተሰብሯል። ግን ረጅሙ አባትሽ ነበርና ለሰው የታየው እሱ ነው። ከአውሮፕላን ሲወርዱ ሕዝቡ አባትሽን በትከሻው ተሸከመው። ድንቢጥ በፋሻ በተጠቀለለ እጁ የአባትሽን ቦርሳ ይዞ ከኋላ ይከተላል። በዐይኔ አይቻለሁ። አባትሽ ማይክሮፎን ሲሰጡት ሊናገር አፉን ከፈተ። ገና ከመክፈቱ ጭብጨባው አውሮፕላን ማረፊያውን ሲያናጋው፣ አፉን መልሶ ዘጋው። ዛሬ ነገ ሲል አርባ ዓመት ሆነ።»

«ድንቢጥስ?»

«ምንም አላለም። አባትሽ እኮ ያልቻለው ይህን ዝምታ ነው። ቢሰድበው ኖሮ ይድን ነበር።»

ልጅቷ ከአክስቷ እጅ ብርጭቆውን ተቀብላ ማድረቅ ጀመረች። ማድረቋን ግን አላወቀችም። በልቧ ሌላ ነገር ታይ ነበር።

አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ቁመቷ አስተማሪዎቿን አልፎ፣ ልጆች፣ «እዚያ ላይ ዝናብ ጀምሯል ወይ?» እያሉ የሚቀልዱባት ጊዜ ነበር። የስፖርት አስተማሪዋ አንድ ቀን መረብ ሥር አቁማት እጇን አንሺ አለቻት፤ ሳትዘል ከመረቡ በላይ ሆነች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁመቷን ወደደችው። ወደ ቤቷ በሩጫ መጥታ መረብ ኳስ ልጫወት ብላ ለአባቷ ነገረችው።

አባቷ መነጽሩን አወለቀ። «አይሆንም።»

«ለምን አባባ?»

«ከፈለግሽ ሩጪ።»

«መሮጥ አልወድም!»

«ሩጪ አልኩሽ።»

ሮጠች። በትምህርት ቤቱ ውድድር ስምንት ልጆች ተሰልፈው ስምንተኛ ወጣች፤ ሰባተኛዋ ውሃ ጠጥታ ከጨረሰች በኋላ ደረሰች። አባቷ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ትከሻዋን ይዞ፣ «ይኸ መጨረሻነት የራስሽ ነው» አላት። «ማንም መጥቶ የኔ ነው አይልሽም።» የሚያሾፍባት መስሏት ሦስት ቀን አኮረፈችው። ከዚያ በኋላ መረብ ሥር ቆማ አታውቅም።

አሁን ልትናደድበትም ልታዝንለትም ሞከረች። ሁለቱም እኩል መጡና እኩል ቀሩ።

በሦስተኛው ቀን ሰዎች፣ «ያጽናሽ» ሲሏት፣ «ደህና ነኝ» አለች። «ምን ያመው ነበር?» ሲሏት «አሜን» አለች። አክስቷ፣ «እንቅልፍ ስላጣች ነው» እያለች ታስተባብላለች። ፀጉር አስተካካዩ መውጫው ላይ ሲያገኛት ከአክስቷ የሰማችውን ነገረችው፤ ለሱ መንገር የሚገባ መስሎ ስለታያት ነው። ሰውየው ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ።

«ለካ ሃያ ዓመት ሲናዘዝልኝ ኖሯል» አለ። «እኔ ስለ ስፖርት የሚያወራ መስሎኝ።»

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ አንድ አጭር ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ደጋግሞ ጠረገ። ኮቱ ሰፍቶታል። እጁን ሲሰጣት ሌላኛውን፣ የግራውን እጁን አየችው። ትንሿ ጣቱ ከሌሎቹ የተጣላች ይመስል ወደ ውጭ ዞራለች።

«ድንቢጥ ነዎት» አለችው።

ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አሁን የአራት ልጆች አያት ነኝ፤ ግን አዎ፣ ነኝ።»

አስቀመጠችው። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ከትናንት ጀምራ ያዘጋጀችውን ንግግር ረሳችውና ከመጨረሻው ጀመረች። «አባቴን ይቅር ይበሉት።»

«ምን አድርጎኝ?»

«ኳሷ የእርስዎ ነበረች። ያውቅ ነበር። ለአክስቴ ነግሯታል፤ እጄን አልነካችም ብሎ።»

ሽማግሌው አክስቲቱን አየ። አክስቲቱ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ፀጉር አስተካካዩም የያዘውን ሻይ መጠጣት አቆመ።

«እንዲህ አለ?» አለ ድንቢጥ። «እሱ እንዲህ አለ?» ጣቱን በሌላው እጁ ሸፈናት። «እኔ እኮ አላውቅም።»

«ምኑን?»

«የማን እንደነበረች። ዐይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ከፍርሃት የተነሣ። ያ ሰውዬ ሲመታ ዐይኑን የሚገልጥ ማን ነው? ዘለልኩ፣ አንድ ነገር ጣቴን መታኝ፣ ወደቅሁ። ኳሷ ትሁን የአባትሽ ክርን እስከ ዛሬ አላውቅም። ዐይኔን ስገልጥ ሰው ሁሉ እሱን አቅፎታል። ‹እንግዲያው የሱ ናት› አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ቦርሳውንም ልያዝልህ ብዬ ለምኜ ነው የያዝኩት።»

«ታዲያ ለምን ተለያያችሁ?» አለች አክስቷ። ድምፅዋ ቁጣ ነበረበት፤ ለማን እንደሆነ ግን የሚታወቅ አልነበረም።

«ራቀኝ። ሰላም ስለው አንገቱን ይደፋል። ትልቅ ሰው ሆኖ ኮራብኝ ብዬ እኔም ተውኩት።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንድ ቀን ሱቃችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። በመስኮቱ አየሁት፤ አቀርቅሮ ይሠራል። ቀና ካለ እገባለሁ ብዬ ቆምኩ። ብዙ ቆምኩ። ቀና አላለም።»

ልጅቷ ያንን ቀን ልታስታውስ ሞከረች፤ ከአባቷ ጎን ሆና፣ እሷም አቀርቅራ የነበረችበትን ቀን። የትኛው ቀን? ሁሉም ቀን እንደዚያ ነበር። አባቷ የወሰደው ነገር ነበር? ወይስ ያልወሰደውን ሲመልስ ነው ዕድሜው ያለቀው?

«ታዲያ የማን ነበረች?» አለች አክስቷ።

ፀጉር አስተካካዩ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እንዴት ነበር የቆማችሁት?» አለች ልጅቷ።

«እ?»

«ያኔ። እንዴት ነበር የቆማችሁት? ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው የወንበሩን ጠርዝ ይዞ ተነሣ። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ባዶው ግድግዳ ፊት ሄዶ ቆመ። «መረቡ ይኸ ነው በይ» አለ። «እኔ እዚህ። እሱ በዚህ፣ በግራዬ። ትከሻችን ይነካካ ነበር።»

ሄዳ በግራው ቆመች። ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፤ ለምን እንዳወለቀች አላወቀችም።

«እጅሽን አንሺ። እንደዚያ አይደለም፣ ጣቶችሽን ዘርጊ። አዎ። ወደ እኔ ጠጋ አድርጊው።»

አራት እጆች ግድግዳው ፊት ተነሡ። የሱ ጣቶች የእሷ የእጅ አንጓ ጋ እንኳ በወጉ አልደረሱም። የዞረችው ትንሽ ጣት ከክንዷ አጠገብ ናት፤ ብትንቀሳቀስ ትነካታለች። በሁለቱ እጆች መሀል ያለውን ክፍተት አየች። የአንዲት መዳፍ ስፋት አይሞላም። ከየት ሆኖ ቢታይ ኳሷ የማንን እጅ እንደነካች እንደሚለይ ለማወቅ አንገቷን ወዲህም ወዲያም አዘነበለች። አይለይም።

«እንዲህ ነበር» አለ ሽማግሌው ዝግ ብሎ። «ከዚያ ጩኸት ብቻ።»

ክንዱ ደከመውና እጁን አወረደ። አክስቷ፣ «ልጄ፣ በቃሽ፣ ነይ ተቀመጪ» አለቻት።

እሷ ግን መዳፎቿን ለግድግዳው ዘርግታ፣ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ተንጠራርታ፣ ከጎኗ ለቆመው አጭር ሰው ቦታ እንዳትነሣው ክርኗን ወደ ራሷ ሰብሰብ አደረገች።