እጅሽን አንሺ

አልነካውም፣ ጣቴ የስልኩ ቁልፍ አጠገብ ነው ግን አልነካውም፣ ከነካሁት የአደጋ ጥሪው ከሠልጣኜ ወደ እኔ ይዞራል፣ ያ ሁሉ ሥልጠና ገደል ገባ ማለት ነው፣ አለቃችን ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ያየናል፣ ድሮስ ምን አልኩሽ ሊለኝ፣ አዲስ ሰው በመጣበት ቀን ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ እሳቱ ራሱ ያስተምረዋል ባይ ነው፣ እኔንም እሳቱ ነው ያስተማረኝ፣ አዎ፣ አቃጥሎ።

ሹክሹክታ እንላታለን፣ ድምጿ ቀጭን ስለሆነ፣ የመጀመሪያዋ ሠልጣኜ፣ ዛሬ የመጀመሪያ ጥሪዋን ብቻዋን አነሳች፣ እኔ በሌላ ማዳመጫ እሰማለሁ፣ ሰውየው ይጮኻል፣ እናቴ ወደቀች፣ አትተነፍስም፣ እሷ ደግሞ በዚያች ድምፅ፣ ወንድሜ፣ አለሁልህ፣ አምቡላንሱ ወጥቷል፣ እጅህን ደረቷ መሐል አድርገህ በቆጠርኩ ቁጥር ተጫን፣ ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ፣ አድራሻውን አስቀድማ ይዛለች፣ ግን ቆጠራሽ ተንቀረፈፈ፣ ፈጠን በይ፣ በስመ አብ፣ ፈጠን... ፈጠነች! አብረን እንቁጠር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከንፈሬ አብሯት ይቆጥራል፣ ከኋላችን አዲሶቹ ወንበሮች ሁሉ ሰው አላቸው፣ አምና ሁለት ብቻ ሆነን፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ስልኩ ዝም እስኪል እየጠበቅን፣ መቼስ ዝም ብሎ ያውቃል።

በማዳመጫው ውስጥ የሰውየው በር ተንኳኳ፣ የእግር ኮቴ፣ ዞር በል ወንድም፣ እኛ እንያዛት፣ ከዚያ የአምቡላንሱ ባለሙያ ድምፅ፣ ልቧ መታ፣ ትንፋሽ አላት።

እልል ልበል? ቢሮ ውስጥ እልል ይባላል? ምን አገባቸው!

ሹክሹክታ ዞራ ታየኛለች፣ እትዬ፣ እጅሽን አንሺ፣ ምን? ከከባድ ጥሪ በኋላ እጅ ይነሳል፣ ሌላ ሰው ይተካል፣ ውጪ ወጥቶ አየር ይወሰዳል፣ አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽን፣ የኔው ደንብ፣ ከስብሰባ ስብሰባ ተጨቃጭቄ ያስጸደቅኩት፣ ለእነሱ ብዬ እንጂ ለራሴም ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ጥሪው እኮ ያንቺ ነው እላታለሁ፣ ከንፈርሽ ገና ይቆጥራል ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ እየቆጠርኩ ነው።

ሁለታችንም እጃችንን እናነሳለን፣ ከአዲሶቹ ሁለቱ መጥተው ቦታችንን ይይዛሉ፣ አለቃ ራሱ በሩን ይከፍትልናል፣ ውጡ እንጂ፣ ምን ትገተራላችሁ።

ፀሐይ! በሥራ ሰዓት፣ ፊቴ ላይ፣ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይጮኻል፣ አነሳዋለሁ፣ አደጋው የት ነው? የለመደ አፍ ምን ይደረጋል፣ እናቴ ናት፣ አንቺ ልጅ፣ ማታ ጥሪዬን አይተሽ ትደውያለሽ ብዬ ነበር እንጂ፣ ቀን ስልክ አንስተሽ አታውቂ፣ አባረሩሽ እንዴ?

አይ እማዬ፣ እረፍት ላይ ነኝ፣ አዎ፣ እኔ፣ እረፍት።