በበሩ ላይ የቀረው መዳፍ

ጋሼ በያጁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብየዳው ቦግ ሲል የማዶው አውራ ዶሮ ነጋ ብሎ ይጮሃል። ራሱ መላጣ ነው፤ መላጣውን ጠዋት ማታ ቫዝሊን ስለሚለቀልቀው ዝንብ ብታርፍበት ተንሸራታ አንገቷን ትሰበራለች። የቀኝ እጁን የቀለበት ጣት ብረት መቁረጫው በልቶበታል። እሱ ግን «አቀመስኩት እንጂ አልቆረጠኝም» ነው የሚለው።

አንድ አመል አለው። ያማረ ነገር ሲያይ መጀመሪያ መላጣውን ይዳብሳል፣ ከዚያ ያማረውን ነገር ይዳብሳል። አዲስ መኪና፣ የሰው ሶፋ፣ አዲስ የተላጨ ሕፃን፣ ምንም አይቀረው። ሰውም እሱ ዞር ሲል ጠብቆ ቅባቱን ይጠርጋል።

አንድያ ልጁ ሳታስፈቅደው ቀለም ቀቢ አገባች። «ደጄን እንዳይረግጥ!» ብሎ ማለ። ባልና ሚስት አክስቷ ጓሮ፣ ዶሮ ቤት በነበረች ክፍል ተጠልለው ከረሙ። ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ ስትለምነው ጊዜ፣ ልቡ በራሱ አኳኋን ራራ።

«ለግቢዬ አዲስ በር በይጃለሁ፤ ባልሽ ይቀባው» አላት። «ሲደርቅ በምላጭ ጫር ጫር አድርጌ፣ ፕላስተር ለጥፌ እመነጭቀዋለሁ። ቀለሙ ከያዘ ሁለታችሁም ገብታችሁ የጓሮዬን ክፍል ትወስዳላችሁ። ከለቀቀ አንቺ ብቻ ትገቢያለሽ።»

«እሱስ አባዬ?»

«እሱማ ከቀለሙ ጋር ይራገፋል።»

ውሉን እንዳታፈርስ በሟች እናቷ አጥንት አስማላት። ባሏ ሲሰማ ሳቀ። ብረት መቀባት ለእሱ ፊት እንደ መታጠብ ነው።

አዲስ ላሜራ ከፋብሪካው ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ቀቢው ያንን በቲነር በራሰ ጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁ ሲቆሽሽ ጥሎ ሌላ አነሳ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ ቀለም ሻካራ ካላገኘ በምኑ ይንጠላጠላል? አቧራውን አራግፎ በቲነር ደገመው። በመጨረሻ ነጭ ጨርቅ ቢያሳልፍበት ነጭ እንደሆነ ወጣ፤ ሕፃን ቢያቅፉበት አያሳፍርም።

አንቲረስቱን፣ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን ዝገት ከልካይ፣ ከፍቶ ሲያማስል ጋሼ ከቤት ብቅ አለ። በሩ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ሰውየውን አላስቻለውም። መላጣውን ዳበሰ፤ ቀጠለና መዳፉን በሩ መሃል ላይ፣ ትከሻው ትክክል፣ እንደ በቅሎ ጀርባ ቸብ አድርጎ ለጠፈበት።

«ወይ ብረት!» አለ። «እንዲህ ያለ ብየዳ የት ይገኛል?»

ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ ደረቀ።

«አባባ፣ እ... አንዴ በቲነር ልድገመው?»

«ለምን? ምን ሆነ?»

«እጅ ነክቶት...»

«የማን እጅ?»

እስቲ አሁን ምን ይባላል? አማትን እጅህ ቅባት ነው ተብሎ እንዴት ጓዳው ይገባል?

«እኔ የነካሁት ይባረካል እንጂ አይበላሽም!» ብሎ ጋሼ የቲነሩን ጣሳ አንስቶ ቱቦ ውስጥ ደፋው። «ቅባ!»

እላዩ ላይ ቆሞ አስቀባው። ልጅቷ ከደጃፉ ታያለች። ባሏ አያት፣ እሷም አየችው፤ ከዚያ እሱ ብሩሹን ነከረ።

ቀዩ አንቲረስት ደረቀ፣ አረንጓዴው ቀለም ተደረበ። በሩ ከማማሩ የተነሳ የጎረቤት በግ ለምለም ሣር መስሏት ልትግጠው መጣች።

የፈተናው ቀን ጋሼ ጎረቤት ሁሉ ጠራ። ባለሱቁ መጣ፣ ልብስ ሰፊዋ መጣች፤ አንዱ የመስኮት፣ አንዷ የአጥር ሥራ ጋሼ እጅ ላይ አላቸው። ጋሼ ላይኛውን ጫፍ በምላጭ ጫረ፣ ፕላስተሩን ለጥፎ መነጨቀ። ምንም። ታችኛውን ሞከረ። ምንም። ልጅቷ ጓዟን በልቧ መሸከፍ ጀመረች።

«እስቲ ደግሞ እዚህ» አለ ጋሼ፣ ትከሻው ትክክል።

ሲመነጭቀው ቀለሙ ከነአንቲረስቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገፎ መጣ፤ ጫፉን ይዞ ቢጎትተው ጭራሽ ቀጠለ። በመጨረሻ የሚለቀው ሲያልቅ፣ በሩ ላይ ራቁቱን የቀረው ብረት መዳፍ ሆነ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሃል ጣት፤ ከዚያ ድፍን አረንጓዴ፤ ከዚያ ትንሿ ጣት።

ሰው ሁሉ ፕላስተሩን የያዘውን እጅ ያይ ጀመር።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ያንተ እጅ ነው» አለች ልጅቷ።

ጋሼ መዳፉን አነሳና ገጠመው። ልክክ አለ።

«አዎ፣ የኔ ነው። ታዲያስ?» አለ። «እዩልኝማ! የሌለኝ ጣት ጋ ቀለሙ ይዟል። ቀቢው ሲፈልግ ይችልበታል ማለት ነው! አራቱ ጋ ሲደርስ ምን አሰነፈው?»

መጀመሪያ የሳቀው ባለሱቁ ነው። «እውነት ነው ጋሼ፣ ስንፍና ነው!» አለ መስኮቱን እያሰበ።

ልብስ ሰፊዋም «የዘንድሮ ልጅ ምኑ ይታመናል!» ብላ አከለችበት።

ጋሼ ልጁን ክንዷን ይዞ ወደ ግቢ አስገባ፤ የቀቢውን ብሩሽ ወደ ውጭ ወረወረ። «በል ልጄ፣ ከነቀለምህ!»

በሩ ተዘጋ። የተላጠው መዳፍ ወደ ውጭ ነበርና ቀቢው አፍንጫ ላይ አራት ጣት «እዚያው ቁም» ብሎ ቀረ። ቀቢው ብሩሹን አነሳ። ከዚያ ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

ዝናብ ጣለ፣ መዳፉ ዛገ። አላፊ አግዳሚው ለበሩ እጁን እያወዛወዘ መሳለቅ ጀመረ። ጋሼ ቀቢ ጠራ፤ ቀለሙ እዚያው ላይ ለቀቀ። ሌላ ጠራ፤ ለቀቀ። እስከ ዛሬም ይጠራል።

ልጅቷ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ የአባቷን ቫዝሊን ትልቅ ትልቁን እየመረጠች ትገዛለች። አዲስ ቀቢ መጥቶ ዝገቱን ፈግፍጎ፣ በቲነር ጠርጎ፣ አንቲረስቱን ሲከፍት ግን ደጃፉ ላይ ብቅ ትላለች።

«አባዬ! ና እየው፣ እንደ መስታወት ሆኗል! እስቲ ዳበስ አርገው።»

ጋሼም ይመጣል፤ መጀመሪያ መላጣውን።