የአባቴ ምርቃት ይቅር

“አባቴስ? አባቴ የታለ?” አሉ ወይዘሮ ዲንኪቱ፤ ጣታቸው የኮምፒውተሩን ስክሪን ሊወጋው ምንም አልቀረው።

ሩቲ በስቱዲዮዋ ኮምፒውተር የልጃቸውን ሠርግ ቪዲዮ ወደ ፊት አሳለፈችው። ኬክ ተቆረጠ፣ ሚዜዎቹ ጨፈሩ፣ የሙሽራው አጎቶች ጥሬ ሥጋቸውን አጣጣሙ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ምርቃት የሚባል ነገር የለም።

“እሱማ እርስዎ ይውጣ ስላሉኝ አላስገባሁትም እኮ፣ አዴ ዲንኪቱ።”

“እኔ? እኔ አባቴን አውጪ አልኩሽ?”

“በስልክ! ‘ቪዲዮው ረዝሟል፣ ምኑን እናውጣው?’ ስልዎት፣ ‘ጭፈራው በዝቷል፣ የአባቴ ምርቃት ይቅር’ አላሉኝም?”

“አዎ ብያለሁ! ሌላው ሲወጣ እሱ ይቅር! እዚያው ይቅር፣ ይቀመጥ! ሀ ሀፉ! ሌላ ምን ማለት ነው ታዲያ?”

ሩቲ ክው አለች። ነጌሌ ተወልዳ ነጌሌ ያደገች፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም የምታቀላጥፍ ልጅ በአንዲት ቃል ጉድ ሆነች። እሷ ቤት “ይቅር” ማለት ተዉት፣ አያስፈልግም ማለት ነው። የወይዘሮ ዲንኪቱ “ይቅር” ግን ከኦሮምኛው “ሀ ሀፉ” ተሻግራ የመጣች ናት፤ ሌላው ሲሄድ እሱ ባለበት ይቆይ ነው ያሉት። ያን ዕለት ነገሩ ገርሟት ነበር፤ የገዛ አባቷን ምርቃት የምታስወጣ ሴት ምን ዓይነት ናት ብላም አምታ ነበር። መልሳ መጠየቅ ሲገባት፣ በር ላይ ለጉርድ ፎቶ የተሰለፈ ሰው ስለነበር እንደ ዋዛ አለፈችው።

“ካሜራው ውስጥ ግን አለ አይደል?” የወይዘሮ ዲንኪቱ ድምፅ ወረደ። “አባቴን ባለፈው ሳምንት ቀበርነው፣ ልጄ። ከሞያሌ የመጣሁት ለዚህ ነው። ፎቶ እንኳ የመታወቂያው ብቻ ነው ያለኝ። ድምፁን ልስማው ብዬ ነው።”

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ኮምፒውተሩ ስለሞላባት ከካሜራው ካርድ ወደ ኮምፒውተር የገለበጠችው የሚያስፈልጋትን ብቻ ነው። ካርዱን ደግሞ ዛሬ ጠዋት በገዛ እጇ ፎርማት አድርጋ ለወንድሟ ለፍሬዘር ሰጥታዋለች። ፍሬዘር ይሄን ጊዜ ከተማው ጫፍ አንድ ሠርግ ላይ በዚያው ካርድ እየቀረጸ ነው።

“ፎርማት ሲደረግ ወዲያው አይጠፋም” አለች፣ ቁልፍ ፍለጋ ጠረጴዛውን እያመሰች። “እዚያው ካርዱ ላይ ተኝቶ ነው ያለው። በፕሮግራም ፈልጎ ማውጣት ይቻላል። ግን አዲስ ነገር ሲቀረጽበት በላዩ ላይ ይጻፋል። ያኔ አለቀ።”

“እና ያ ልጅ አሁን አባቴ ላይ እየጻፈበት ነው?”

ሩቲ ስልኳን አነሳች። ፍሬዘር ጋ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ሥራ ላይ ሲሆን ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይወረውረዋል። ስንቴ ተጨቃጭቀውበታል! ስቱዲዮውን ቆልፋ ስትወጣ ወይዘሮ ዲንኪቱ ባጃጅ አስቁመው፣ ቀድመዋት ገብተው ጠበቋት።

ገበያው ጋ ሲደርሱ የፍየል መንጋ መንገዱን ዘጋው።

“ንዳው እንጂ!” አለች ሩቲ።

“ምን ላድርግ፣ በላያቸው ልለፍ?” አለ ባለባጃጁ። “ለሠርግ ነው እንዲህ መቸኮል? ምግብ እንደሆነ አይጠፋም።”

ሩቲ ጥፍሯን መብላት ጀመረች። እያንዳንዷ ደቂቃ ከሟቹ ሽማግሌ አንድ ነገር ትወስዳለች፤ አሁን ፊታቸውን፣ አሁን ድምፃቸውን። “አዴ ዲንኪቱ፣ በጣም አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ” አለች።

“እሷን ቃል ዛሬ ከአፍሽ እንዳልሰማት!” አሉ ሴትየዋ። ቆጣ ብለው ነው ያሉት፤ ግን ክንዷን ያዝ አደረጉት፣ እስኪደርሱም አልለቀቁትም።

ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሙሽሮቹ ከሙሽሪት አያት ከኦቦ ዋቅጅራ ፊት ተንበርክከዋል። ፍሬዘር ካሜራውን ደግኖ ቆሟል፣ ቀይዋ መብራት በርታለች።

“አጥፋው!” አለችው በጆሮው።

“አብደሻል እንዴ? ምርቃቱ ሊጀመር ነው!”

“ካርዱ ላይ የሞተ ሰው አለ። አጥፋው አልኩህ! ሌላው ካርድ የታለ?”

“ቦሬ ከተማ ሥራ ላይ ነው፤ ራስሽ አይደለሽ የላክሽው?” ከኋላዋ ወይዘሮ ዲንኪቱን ሲያይ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም። “በቃ፣ ባትሪ አለቀ በያቸው።”

ሩቲ እጇን ሰደደችና ራሷ አቆመችው። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ባትሪ አለቀ ማለቱ ቀላል ነበር፤ ግን አሁን ውሸት ለመፍጠር እንኳ ፋታ አልነበራትም። በሰው መሀል አልፋ ኦቦ ዋቅጅራ እግር ሥር ቁጢጥ አለች።

“አባባ፣ ካሜራውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የእኚህን ሴት አባት ምርቃት በስህተት አጥፍቼባቸዋለሁ። አባትየው ሞተዋል። ካርዱን አሁን ካላወጣሁት እርስዎ ሲመርቁ እሳቸው እስከ ወዲያኛው ይጠፋሉ። ሌላ ካርድ የለኝም።”

“የእኛስ ሠርግ?” አሉ የሙሽሪት እናት። “የእኛ ልጅ ምን በደለች?” ድንኳኑ በጉምጉምታ ተሞላ።

ሽማግሌው ቀና ብለው ወይዘሮ ዲንኪቱን አዩዋቸው። “አካም?” አሉ።

“ናጋ” አሉ ወይዘሮ ዲንኪቱ፤ ሲጠየቁ ሰላም ነው ማለት ወጉ ነውና። ናጋ ይበሉ እንጂ እንባቸው ነጠላቸው ላይ ይወርዳል።

“አባትሽ ሞቷል፤ እኔ አለሁ” አሉ ኦቦ ዋቅጅራ። ወደ ሩቲ ዞሩ። “አውጪላት። እኔን ነገ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ቅረጹኝ። እስክትጠግቡ እመርቃለሁ። እስከ ነገ አልሞትም፣ አትፍሩ!”

ሰው ሳቀ። እናትየውም ሳይወዱ ሳቁ። ፍሬዘር “ተገላገልን” ብሎ ካሜራውን ከማቆሚያው መፍታት ጀመረ።

ሩቲ ካርዱን አወጣችና ወይዘሮ ዲንኪቱ እጅ ላይ አስቀመጠችው። “ስቱዲዮ እስክንደርስ እርስዎ ይያዙት። ስንት እንደተረፈ አላውቅም፤ ያለውን አወጣለሁ።” ሴትየዋ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ አንዴ አጠበቁት፣ ደግመው አጠበቁት።

“እንሂዳ!” አለ ፍሬዘር። ባጃጁ ውጭ እየጠበቀ ነው።

ሩቲ አልተነቃነቀችም። የወይዘሮ ዲንኪቱ አባት በዚያኛው ሠርግ፣ ልትቀርጻቸው ስትጠጋ፣ “ወፈር አድርገሽ አንሺኝ፣ በቀጣዩ ሠርግ አያለሁ” ብለዋት ነበር። ጥርሳቸው ሙሉ፣ ድምፃቸው ከአጫፋሪዎቹ በላይ። ምን የጎደላቸው ነገር ነበር? ምንም፤ ቀጣዩን ሠርግ ግን አላዩም።

“ነገ አይሆንም፣ አባባ” አለች።

“ምን አልሽ?”

“ነገ አልመጣም። አሁን ይመርቁ።” ስልኳን ከኪሷ አውጥታ መስታወቱን በቀሚሷ ጠረገችው። “በስልክ ነው፤ እንደ ካሜራው አያምርም። ቢሆንም አሁን ይመርቁልኝ።”

ኦቦ ዋቅጅራ ሙሽሮቹን ወደ ጉልበታቸው አስጠጓቸው። ከዚያ በትራቸውን አነሱ። የመጀመሪያዋ ቃል ከአፋቸው ስትወጣ ድንኳኑ “ሀ ታኡ!”፣ ይሁን፣ ብሎ ተቀበለ። አንዱ ድምፅ ሩቲ አጠገብ ነበር፤ ወይዘሮ ዲንኪቱ ቋጠሯቸውን በእጃቸው ጨብጠው፣ ከሰዉ ጋር “ሀ ታኡ” ይላሉ። ሩቲ ወደ እሳቸው አልዞረችም። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ መቅረጿን ቀጠለች።