ስድስተኛው ማርሽ

«ካምቢዮው ያለው አምስት ማርሽ ነው» አለ ኔቪል፣ ሹካውን እንደ ማርሽ ዘንግ ጨብጦ። «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። በቃ! ሮይ ግን ሻፕ ተራራ አናት ላይ ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲያይ፣ ‹አምስት ለኔ ምኔም አይደል› አለና ስድስተኛውን ጨመረበት!»

ሹካውን ለቀቀው። እንቁላሉ ላይ ወደቀ።

«ፎሌ!» ብሎ ጮኸ ሲሪል፣ ሳቁ እያነቀው።

«ፎሌ! አሥራ አምስት ቶን ብስኩት ጭኖ በፎሌ! መኪናዋ የድንጋዩን አጥር ጥሳ ገባች፣ ብስኩቱ ሜዳውን አለበሰው። የሸለቆው በግ ሁሉ ሳምንት ሙሉ ብስኩት ሲቆረጥም ከረመ። የጎደለው ሻይ ብቻ ነበር!»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባለቤቷ ሺላ ይህን ቀልድ ስንት መቶ ጊዜ እንደሰማችው አምላክ ይወቀው፣ እሷም ሳቀች። በመስኮቱ በኩል ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም። ቅቤ የተቀባ ዳቦዋን አስቀምጣ ወደ ሽማግሌዎቹ ትመለከት ነበር።

በዚያ ዘመን ሹፌር ሁሉ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መኪናውን በፎሌ ይለቅ ነበር። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሰው ቤቱ ቶሎ ይገባል። አለቆች ይከለክላሉ፣ ሹፌሮች ሁለተኛ አይለምደንም ብለው ይምላሉ፤ ቁልቁለቱ ሲመጣ ግን እጅ በራሱ ጊዜ ወደ ዘንጉ ይሄዳል። የድሮው ካምቢዮ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም፤ መኪናው ፍጥነት ከያዘ በኋላ የወጣ ማርሽ ተመልሶ አይገባም። ሮይ ደክወርዝ የሞተው በዚህ ነው ተባለ። ከተጨፈለቀው ጋቢና ውስጥ የማርሹ ዘንግ ፎሌ ላይ ተገኘ፤ መርማሪዎቹም ያንኑ ጽፈው ሄዱ። ይኸው ሃምሳ ሰባት ዓመት፣ በዚህ መንገድ ላይ በፎሌ መውረድ «የሮይ ማርሽ» ይባላል።

ስሙን ያወጣው ኔቪል ነው።

ሐሙስ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ከኬንዳል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የሺላ ሻይ ቤት ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌሮች ይሰበሰባሉ። ዱሮ አሥራ አንድ ነበሩ፣ አሁን ሦስት ቀርተዋል። የገበታው አለቃ ኔቪል ሰማንያ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ዕድሜ ጥርሱን ቢወስድበትም ምላሱን ሞርዶለታል። ሲሪል በፎደን መኪና የሚምል ወፍራም ሰው ነው፣ ኔቪል ደግሞ በአትኪንሰን። በዚህ የተነሳ አርባ ዓመት ሲነታረኩ ኖረዋል፤ አንዱ ቢረታ ኖሮ ሐሙስ ምን ሊያወሩ ነበር! ክርክሩ ሲበርድ ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ይመጣል፦ ማሞቂያ የሌለው ጋቢና፣ የወታደር ካፖርት፣ የሞተር ክዳን ላይ የሚሞቅ ሥጋ ያለበት ዳቦ፣ ታግለው የሚያዞሩት መሪ። «የዛሬ ልጆች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው የሚነዱት» ይላል ሲሪል፣ በየሳምንቱ።

ሦስተኛው ኦልዊን ነው። ኦልዊን ሰማንያ አራት ዓመቱ ሲሆን የማስታወስ ነገር እየከዳው ነው። ግን የሚከዳው የቅርብ ቅርቡ ብቻ ነው። ቁርሱን መብላት አለመብላቱን አያውቅም፤ ከስልሳ ዓመት በፊት በመሥሪያ ቤታቸው ግቢ የቆመውን መኪና ሁሉ ግን ከነሰሌዳው ይጠራዋል። ጠዋትና ማታ የምትመጣው አስታማሚ ትንሽ ደብተር ገዝታለታለች፤ ቀኑን ምን እንዳደረገ ይጻፍበታል፣ ማታ እሷ ታነበዋለች። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሐሙስ ሐሙስ የሚጽፍለት ኔቪል ነው። ቤቱ የሚያደርሰውም እሱ ነው። ለዚህ ውለታው ታዲያ ዋጋ ያስከፍለዋል።

«ኦልዊን፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለው አሁን።

ኦልዊን ደብተሩን ገልጦ ገጹ አናት ላይ አስታማሚዋ የጻፈችውን አየ። «ሐሙስ።»

«ኧረ አጭበርባሪ! ኮረጀ! ሺላ፣ ይህ ተማሪ ከፈተና ይባረርልኝ!»

ሲሪል እንደገና ሳቀ። ኦልዊንም፣ ምን እንደተባለ በደንብ ሳይገባው፣ አብሮ ሳቀ።

ሴትየዋ የተነሳችው ያን ጊዜ ነው። ወደ ሥልሳው የተጠጋች፣ ፀጉሯን ያልቀባች፣ ጥቁር ሹራብ የለበሰች ሴት ነበረች። ገበታቸው አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ ነው» አለች። «ቢቨርሊ እባላለሁ። የሮይ ደክወርዝ ልጅ ነኝ።»

ሲሪል ሹካውን አስቀመጠ።

«ብስኩቱን አላውቅም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ ስለ በጎቹ ነግራኝ አታውቅም።»

«ልጄ…» አለ ሲሪል፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ «እኛ እኮ እንዲያው ለጨዋታ… በክፋት አይደለም…»

«ግድ የለም። እኔ ለጠብ አልመጣሁም።» ከቦርሳዋ ፎቶግራፍ አውጥታ በሳህኖቹ መካከል አስቀመጠች። አንድ ወጣት ባለስምንት ጎማ መኪና ተደግፎ ይስቃል። በሩ ላይ የመኪናዋ ስም፣ «ማቲልዳ»፣ ተጽፏል። «ሲሞት የሁለት ቀን ልጅ ነበርኩ። እናቴ ባለፈው ወር አረፈች። ዕድሜዋን ሙሉ ይቅር አላለችውም። ‹የሁለት ቀን ልጅ ቤት አስቀምጦ በቁልቁለት የሚጫወት ሰው ባሌ አይደለም፤ ስሞት ከእሱ ጎን እንዳታስቀምጪኝ› ብላ አስምላኛለች። አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዷ ቤት ነው ያለው። ቅዳሜ አንድ ቦታ ማሳረፍ አለብኝ። ሰዎች እናንተ ታውቁታላችሁ ብለው ላኩኝ። ልጠይቃችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እውነት በፎሌ ነበር የወረደው?»

ስልኳን የጻፈችበትን ቁራጭ ወረቀት ከፎቶው አጠገብ አኖረች። ኦልዊን ወረቀት ሲያይ ልማዱ ነውና አንስቶ ደብተሩ ውስጥ ከተተው።

ኔቪል ፎቶውን ተመለከተ። ማቲልዳን ያውቃታል። ሮይ ልጅ ተወለደችልኝ ብሎ በቀረበት ሰኞ ማቲልዳን የነዳው ኔቪል ነበር። ማታ ግቢ ሲያስገባት የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ወረደ። በግቢው በር አጠገብ የብልሽት መዝገብ በገመድ ተንጠልጥሏል። ደንቡ የታወቀ ነው፦ ብልሽት የጻፈ ሹፌር መካኒኩ ሠርቶ እስኪጨርስ ድረስ ፋኖስ ይዞ ከመኪናው ሥር ይቆማል። ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴም አራት ሰዓት። ኔቪል ደግሞ በዚያ ምሽት ዳንስ ነበረበት።

ግቢው ውስጥ የነበረው ኦልዊን ብቻ ነው። «ጻፈው እንጂ!» ብሎት ነበር ኦልዊን። ኔቪልም ፀጉሩን እያበጠረ፣ «ነገ ጠዋት ለሮይ እነግረዋለሁ። ልሂድ፤ ሞሪን እየጠበቀችኝ ነው» አለው። ጠዋት እንቅልፍ ጣለው። ሮይ ማቲልዳን ባዶዋን ይዞ ሄደ፤ ባዶ ሳለች ፍሬኑ እንደምንም ያዘለት፤ ብስኩቱን ጭኖባት ተመለሰ። ሞሪን ኔቪልን አገባችው፤ ሦስት ልጆች ወለደችለት፤ አሁንም ቤት ናት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ኔቪል ግን እውነቱ ብቅ ባለ ቁጥር በላዩ ላይ አንድ ቀልድ እየጣለበት ሃምሳ ሰባት ዓመት አሳድሮታል።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ የኔ እመቤት» አለ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «አዎ፤ በፎሌ ነበር። ሁላችንም እናደርገው ነበር። የእሱ ዕድል ሆነና…»

ቢቨርሊ አንገቷን ደፋች። የጠበቀችው መልስ ነበር፤ ቢሆንም ትከሻዋ ዝቅ ሲል ታየ።

«ፍሬኑ ነው» አለ ኦልዊን።

ሁሉም ዞሩ። ኦልዊን ጣቱን ፎቶው ላይ አሳርፏል።

«በፎሌ አይደለም የወረደው። ሮይ ጠንቃቃ ነበር፣ አናት ላይ ማርሽ ይቀንስ ነበር። ፍሬን እምቢ ሲልህ ምን ታደርጋለህ? ወደ ሦስተኛ ላውርድ ትላለህ። ሮይም ማርሹን አወጣው፣ ሦስተኛው ግን አልገባለትም። ለዚህ ነው ፎሌ ላይ የተገኘው። ማቲልዳ ሰኞ ማታ ፔዳሏ ወለል ይነካ ነበር። መዝገቡ ላይ አልተጻፈም።»

ይህን ያህል ቃል ከኦልዊን አፍ ከወጣ ዓመት አልፎት ይሆናል። ድምፁ የወጣትነት ድምፁ ነበር።

ቢቨርሊ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ሰኞ ማታ? እንዴት አወቁ? ማን ነበር የነዳት ሰኞ?»

ኦልዊን እጁን ከፎቶው አነሳ። እጁ በገበታው ላይ ወደ ኔቪል መጓዝ ጀመረ።

ኔቪል ቸኮለ፤ መቸኮሉ ግን ከፊቱ ላይ አይታይም ነበር። «ኦልዊን» አለ በፍቅር፣ «ኤድና እንዴት ናት?»

እጁ መንገድ ላይ ቆመ። የኦልዊን ፊት በራ። «ኤድና? ደህና ናት።»

«የት ናት አሁን?»

«ቤት ነዋ! የት ትሄዳለች? ምሳ እየሠራች ነው። ሐሙስ የበግ ሥጋ በድንች ነው። እንዳትዘገይ ብላኛለች።»

ሲሪል አንገቱን ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። «ኔቪል፣ ተወው» አለ ከጥርሱ ሥር።

ኔቪል አልተወውም። ወደ ቢቨርሊ ጠጋ አለና በሹክሹክታ፣ ግን ገበታው ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ኤድና ሚስቱ ናት። ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ሣጥኗን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ» አላት።

ኦልዊን ሰማ።

«ኤድና ሞተች?»

ሲሪል እጁን ዘርግቶ ክንዱን ያዘው።

«መቼ? ጠዋት እኮ… ኔቪል፣ መቼ ነው የሞተችው? ለምን አልነገራችሁኝም?» እየተነሳ ወንበሩን ገለበጠ። ሺላ ከባንኮኒው ጀርባ ሮጣ መጥታ ያዘችው። ሰማንያ አራት ዓመት የሞላው ሰው በሻይ ቤት መካከል ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለእሱ ኤድና የሞተችው በዚያች ደቂቃ ነበር።

ኔቪል አፈረ። ከማፈሩ ሥር ግን አንድ ሌላ ነገር ሲረጋጋ ተሰማው፤ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳ ላይ እንደወጣ መኪና።

ቢቨርሊ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆይታ ፎቶዋን አነሳች። «በጣም ይቅርታ» አለች። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ሰውየውን አስጨነቅኩት።» ኦልዊንን ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ወደ ኔቪል ዞራ፣ «እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። እንግዲህ እናቴ እንዳለችው ይሁን» አለች። ወጥታ ስትሄድ በመስኮቱ አዩዋት። ስትሄድ የሦስቱንም ሻይ ከፍላ ነበር።

ሲሪል ካፖርቱን ለበሰ። ሁልጊዜ «ሐሙስ ያገናኘን» ይል ነበር፤ ዛሬ ሳይል ወጣ።

መኪና ውስጥ ኦልዊን አፍንጫውን እየጠረገ ተቀመጠ። የከተማው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ለምን እንዳለቀሰ ረስቶት ነበር። የቤቱን በር ኔቪል ሲከፍትለት፣ «ኤድና! መጣሁ!» ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ፤ ቤቱ ጭር እንዳለ ነው። ኔቪል ኮቱን አወለቀለት፣ ማድቤት ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ።

«ና፣ የዛሬውን እንጻፍ።»

ኦልዊን ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። አንድ ነገር ሊይዝ እየታገለ ነበር። «ልጅቱ…» አለ። «የሮይ ልጅ… ኔቭ፣ ከመጥፋቱ በፊት ጻፍልኝ። ‹ሮይ በፎሌ አልወረደም። ፍሬኑ ሰኞ ተበላሽቶ ነበር፤ ለልጁ ይነገራት።› እንዲህ ብለህ ጻፍ። ማታ አስታማሚዋ ታነበዋለች፣ እሷ ትደውልላታለች።»

«የሰኞውን ሹፌር ስም ልጻፍ?» አለ ኔቪል። ለምን እንደጠየቀ ራሱም አላወቀም።

ኦልዊን ዓይን ዓይኑን አየው። «እሱን ተወው» አለ። «ጓደኛችን ነው። ስሙ ይቅር።»

ኔቪል ደብተሩን ሲገልጥ የቢቨርሊ ስልክ ያለበት ቁራጭ ወረቀት ጭኑ ላይ ወደቀ። አንስቶ አየው፤ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳና፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ፣ «ቋሊማ፣ እንቁላል፣ ሻይ። ጥሩ ቀን ነበር» ብሎ ጻፈ።

«ጻፍከው?»

«ጻፍኩት።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

ኔቪል ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አደረገ። «ሮይ በፎሌ አልወረደም» ብሎ አነበበ። «ፍሬኑ ሰኞ ተበላሽቶ ነበር። ለልጁ ይነገራት።»

ኦልዊን ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። «ጎበዝ» አለ። «አየህ፣ ምንም አይከብድም እኮ። ቁጭ በል፣ ሻይ ላፍላልህ።»

ኔቪል እስክሪብቶውን ከድኖ ተነሳ።

«ልሂድ» አለ። «ሞሪን እየጠበቀችኝ ነው።»